ጭሱም ይውጣ፣ ጎረቤትም ይተኛ



በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው ግድግዳችን አንድ ነው፤ የእኛ ጣራ ለላይኛው ጎረቤት ወለል ነው። በመሆኑም የአንዱ ቤት ሥራ በሌላው ቤት ይሰማል። ከነዚህ ድምፆች አንዱ ከምድጃ በላይ የሚሰቀለው የጭስ መሳቢያ፣ ብዙዎቻችን ኪችን ሁድ የምንለው መሣሪያ፣ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወጥ ሲጣድ ይጮኻል፤ ጎሕ ሳይቀድም ቁርስ ሲሠራም ይጮኻል። በመከራ የተኛ ሕፃን ይነቃል፤ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ደግሞ ቀን እንኳ አያርፍም።

ነገሩ ተራ ቢመስልም ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጎረቤትን ማወኩ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ግን በራሳችን ላይ የሚደርሰው ነው። «ኧረ ይቅርብን፣ ጆሯችንን አደነቆረው!» እያሉ መሳቢያውን አጥፍተው በጭስ ታፍነው የሚያበስሉ አሉ። ቁሌቱ ሲቁላላ፣ ዘይቱ ሲግል፣ ቡናው ሲቆላ የሚነሳው ጭስ ወዴት ይሂድ? ወደ እናቶችና ወደ ልጆች ሳንባ ነዋ! የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። የዚህ ዋናው ምክንያት የእንጨት፣ የኩበት፣ የከሰልና የላምባ ጭስ ቢሆንም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚቃጠል ዘይት ጭስም ቢሆን ለጤና አይበጅም።

ስለዚህ መሳቢያውን ማጥፋት መፍትሔ አይደለም። እየጮኸ መተውም ተገቢ አይደለም። መፍትሔው ማስተካከል ነው፤ አብዛኛውም ሥራ በጥቂት ወጪ፣ አንዳንዱም ያለ አንዳች ወጪ የሚከናወን ነው።

በመጀመሪያ ድምፁን ለይቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ሲያፏጭ አየሩ መተላለፊያ አጥቷል ማለት ነው። ሲንኳኳና ሲንቀጫቀጭ የላላ ብሎን ወይም ወንፊት አለ። ግድግዳው አብሮ ሲያጉረመርም ንዝረቱ ወደ ሕንፃው እየተላለፈ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ከሆነ ግን የሞተሩ ኩሽኔታ ሳያልቅ አልቀረምና ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ቀጥሎ ማጣሪያውን እንመልከት። ከሥር ያለው የብረት ወንፊት የዘይት እድፍ ሲደፍነው ማራገቢያው ይጨነቃል፣ ጭሱንም በሚገባ አይስብም። ይህን ወንፊት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ አውልቆ በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፎ ማጠብ፣ ሲደርቅም መመለስ ነው። ከውስጥ የከሰል ማጣሪያ ያለው መሣሪያ ከሆነ ግን ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ አይታጠብም፤ በየጥቂት ወሩ ይለወጣል። ማናቸውንም ክፍል ከመንካት በፊት መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ መንቀል እንዳይረሳ!

ሦስተኛው ቱቦው ነው። ብዙውን ጊዜ የጩኸቱ ምንጭ ሞተሩ ሳይሆን የታነቀው ቱቦ ነው። ለ15 ሴንቲ ሜትር ቱቦ የተሠራውን መሣሪያ ግድግዳው ጠቦ ተበስቷል ብለን በ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ብናስረው፣ መተላለፊያው ከግማሽ በታች ይሆናል። ያንኑ ያህል አየር ለማሳለፍ ነፋሱ ከሁለት እጥፍ በላይ መፍጠን ይኖርበታል፤ ፉጨቱም ከዚያ ይመጣል። የተሸበሸበና ሦስት አራት ጊዜ የተጠማዘዘ ቱቦም እንዲሁ ነው። ቱቦው ሰፊ፣ አጭር፣ ውስጡ ለስላሳ፣ መታጠፊያውም ጥቂት ይሁን።

አራተኛው አሰቃቀሉ ነው። መሣሪያው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በየብሎኑም ሥር፣ ወፍራም ጎማ ቢገባ ንዝረቱ ወደ ጎረቤት መዝለቁ ይቀንሳል። የላላውን ብሎን ማጥበቅም የአንድ አፍታ ሥራ ነው።

አምስተኛው አጠቃቀማችን ነው። የማራገቢያው ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ የሚስበው አየር በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጩኸቱ ግን ከዚያ እጅግ በበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ ምግቡ ከመጣዱ ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ በዝቅተኛው ፍጥነት ማስነሳት፣ ከተበሰለም በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ከፍተኛውን ፍጥነት ለቁሌትና ለጥብስ ብቻ መጠበቅ ብልህነት ነው። ድስቱን በኋለኛው ምድጃ ላይ መጣድና መክደንም ጭሱ እንዳይበተን ይረዳል።

አዲስ ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ መልኩን ብቻ አይቶ አይመለስ። በመሣሪያው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የዴሲቤል ቁጥር ያንብብ። አሥር ዴሲቤል የጨመረ ድምፅ ለጆሯችን እጥፍ ያህል የጎላ ሆኖ ይሰማል፤ በ60 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቱቦ የሌለውና አየሩን አጣርቶ ወደዚያው ክፍል የሚመልስ መሳቢያ ሽታና ቅባት ይቀንስ እንጂ የከሰልን ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ አያስቀርም። እሱን ተማምኖ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ሕይወት ያስከፍላል።

ጉዳዩ የመልካም ፈቃድ ብቻ ነው የሚል ካለ ሕጉንም ያስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ወሰን ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ጭስንና ጩኸትን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ጩኸቱን ለመሸሽ ጭሱን በጎረቤት መስኮት መልቀቅም አይቻልም ማለት ነው። ቱቦውን ከላይኛው ቤት መስኮት ሥር ያወጣ፣ ወይም ባገኘው የጋራ ቀዳዳ የሰደደ ሰው ችግሩን አላስወገደም፤ ለሌላ አሸከመው እንጂ።

በበኩሉ የሚረበሸውም ወገን ኃላፊነት አለበት። በመጥረጊያ እንጨት ጣራ መደብደብ፣ በደረጃ ላይ መሰዳደብ ጩኸትን በጩኸት መጨመር ነው። ቀን በሰላሙ ሰዓት በር አንኳኩቶ «እትዬ፣ ያ መሳቢያ ማታ ማታ ልጁን እየቀሰቀሰብን ነው፤ እስቲ አብረን እንየው» ማለት ይበልጣል። ባለቤቷ ድምፁ ከግድግዳው ማዶ ምን ያህል እንደሚሰማ ላታውቅ ትችላለችና።

ማኅበራችንም ሊሠራው የሚገባ አለ። የጋራ የአየር መውጫዎችን ማስፈተሽ፣ የተደፈኑትን ማስጠረግ፣ መሰላልና መፍቻ ለሌላቸው ቤቶች ማዋስ፣ በየብሎኩም ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ ከፍተኛው ፍጥነት እንዳይነሳ ነዋሪውን ማስማማት ይኖርበታል። ይህን ለማድረግ ትልቅ ስብሰባ አያሻም፤ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳችን ወደ ወጥ ቤታችን ገብተን ወንፊቱን እንፈታ፣ ብሎኑን እናጥብቅ፣ ቱቦውን እንመርምር። ንጹሕ አየር የራሳችን መብት ነው፤ ዕረፍትም የጎረቤታችን መብት ነው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መንጠቅ አያስፈልግም።