የሰርቨሩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን? የሳንዲ ስፕሪንግስ ልምድና የርቀት መተግበሪያ ፈቃድ

ከአትላንታ በስተሰሜን የምትገኘው ሳንዲ ስፕሪንግስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2005 ራሷን የቻለች ከተማ ሆና ስትቋቋም፣ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ መከላከያ በቀር የማዘጋጃ ቤቱን ሥራ ከሞላ ጎደል ሲ.ኤች.ቱ.ኤም. ሂል ለተባለ የግል ድርጅት በውል ሰጠች። በ2011 ውሉ ተከፋፍሎ ለበርካታ ድርጅቶች ተላለፈ። በ2019 ደግሞ የከተማዋ ምክር ቤት በአምስት ዓመት 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይድናል በሚል ስሌት አብዛኞቹን የውል ሠራተኞች የከተማዋ ተቀጣሪዎች አደረጋቸው። ይህ ታሪክ የሚነሣው አዘውትሮ የመንግሥትን ሥራ ለግል ድርጅት ስለመስጠት ክርክር ሲደረግ ነው። በውስጡ ግን እምብዛም ያልተጠየቀ ሌላ ጥያቄ አለ፤ አሠሪው በተለወጠ ቁጥር የከተማዋን መዝገብ የሚከፍተው የይለፍ ቃል ከማን ወደ ማን ይተላለፋል? የቀድሞውንስ መዝጋት የማን ግዴታ ነው?

ጥያቄውን ዛሬ አስቸኳይ የሚያደርገው መሥሪያ ቤቶች ቲን ክላየንት ወደሚባለው አሠራር ማዘንበላቸው ነው። ቲን ክላየንት ሰነድ የማያከማች ትንሽ መሣሪያ ነው። ሠራተኛው የሚጽፈውም የሚያነበውም ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ነው፤ ወደ ጠረጴዛው የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። መሣሪያው ቢሰረቅ ሌባው የሚያገኘው ባዶ ዕቃ ነው። ሶፍትዌሩ የሚታደሰው አንድ ቦታ ነው፤ መሣሪያው የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ጥቂት፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ በመቶ ጠረጴዛዎች ላይ ተበትኖ የነበረው አደጋ አንድ በር ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ማን፣ ከየት ሆኖ፣ የትኛውን መተግበሪያ ይክፈት የሚለው ውሳኔ የቴክኒክ ክፍሉ የጓዳ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የሕዝብን መዝገብ የማስተዳደር ሥልጣን ነውና በውልና በሕግ መወሰን አለበት።

በሩ ሲሰበር ምን እንደሚከተል አትላንታ አይታዋለች። ማርች 22 ቀን 2018 ሳምሳም የተባለው ራንሰምዌር የከተማዋን ኮምፒውተሮች ቆለፈ፤ አጥቂዎቹ 51,000 ዶላር ገደማ በቢትኮይን እንዲከፈላቸው ጠየቁ። በኋላ በቀረበው የወንጀል ክስ እንደተዘረዘረው የተበከሉት ኮምፒውተሮች 3,789 ያህል ነበሩ። የውኃ ሂሳብና የትራፊክ ቅጣት በኢንተርኔት መክፈል ቀረ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ፍርድ ቤት ቀጠሮዎች ተላለፉ፤ ፖሊሶች ሪፖርታቸውን በእጅ ጻፉ። ከፖሊስ መኪና ካሜራዎች ለዓመታት የተከማቸ ቪዲዮም ጠፋ። ይህ የመጨረሻው ጉዳት ከሁሉ የከበደ ነው፤ ቪዲዮው ለከሳሽም ለተከሳሽም ማስረጃ ሊሆን ይችል ነበርና። ስለ አንድ የቅጣት ወረቀት የቀን ገቢውን ሰውቶ ፍርድ ቤት ለሚቆም የታክሲ አሽከርካሪ የጠፋ ማስረጃ በገንዘብ አይተመንም።

ጥቃቱ ያለ ማስጠንቀቂያ የመጣ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት የከተማዋ ኦዲት ከ1,500 እስከ 2,000 የሚደርሱ የደኅንነት ክፍተቶችን መዝግቦ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በኦዲቱ ጊዜ ያልተገኘው ገንዘብ ከጥቃቱ በኋላ ተገኘ፤ የመጀመሪያዎቹ አስቸኳይ ውሎች ብቻ ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰዱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የፌዴራሉ የሀገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤትና ኤፍ.ቢ.አይ. ባወጡት መግለጫ፣ የሳምሳም አጥቂዎች አር.ዲ.ፒ. በተባለው የርቀት መግቢያ፣ የይለፍ ቃልን ደጋግሞ በመገመት ወይም የተሰረቀውን ከጨለማው ገበያ በመግዛት ይገቡ እንደነበር አስረዱ። አንድ ያልተዘጋ በርና አንድ ደካማ ቃል ይበቃቸው ነበር ማለት ነው።

የሳንዲ ስፕሪንግስ ነዋሪ ይህን የጎረቤት ነገር ብሎ ሊተወው አይችልም። ከተማዋ የምትገኝበት ፉልተን ካውንቲ በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ በራንሰምዌር ተመትቶ ስልኮች፣ የፍርድ ቤትና የግብር አገልግሎቶች ተስተጓጉለዋል። ሎክቢት የተባለው ቡድን ኃላፊነቱን ወሰደ፤ ካውንቲው ቤዛ አለመክፈሉን ገለጸ። ቤዛ አለመክፈሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ባለጉዳዩ ግን ለሳምንታት ተንገላቷል።

ቲን ክላየንት ይህን ያስቀራል ብለው የሚሸጡ ነጋዴዎች ግማሹን እውነት ብቻ ይናገራሉ። በኦክቶበር 2023 ይፋ የሆነው ሲትሪክስ ብሊድ የተሰኘው ክፍተት የተገኘው ሠራተኞች ወደ ርቀት መተግበሪያዎች በሚገቡበት መሣሪያ ላይ ነበር። አጥቂው ቀድሞ የገባ ሰው የያዘውን የክፍለ ጊዜ ምልክት ሰርቆ፣ የይለፍ ቃልም ሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ ሳይጠየቅ፣ በሌላ ሰው ስም ይገባ ነበር። ማስተካከያውን መጫን ብቻውን አልበቃም፤ ክፍት የነበሩትን ግንኙነቶች ሁሉ ማቋረጥ ያስፈልግ ነበር። ከዚህ የሚወጣው የፖሊሲ ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ማስተካከያው በወጣ በስንት ሰዓት ውስጥ ይጫናል? የሌሊት ሥራውንስ የሚሠራው ከተማዋ ናት ወይስ ተቋራጩ? በውሉ ላይ ካልተጻፈ ሁለቱም እርስ በርስ ይተያያሉ።

እንግዲህ ሥራው ከየት ይጀመር? አብዛኛው መሥሪያ ቤት የሚጀምረው መሣሪያ በመግዛት ነው፤ ይህ ፈረሱን ከጋሪው ኋላ ማሰር ነው። መጀመሪያ መቅረብ ያለበት የመተግበሪያዎች ዝርዝር ነው፤ ቀጥሎ በእያንዳንዱ አንጻር የሥራ መደብ እንጂ የሰው ስም ያልተጻፈበት ፈቃድ። ግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ሠራተኛ የፈቃድ መተግበሪያውን ብቻ ይክፈት፤ ሙሉ ዴስክቶፕ አይሰጠው፤ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ የሚያደርስ መንገድም አይኑረው። አር.ዲ.ፒ. በምንም ምክንያት በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት አይሁን። ሁለተኛ ማረጋገጫ ለሁሉም፣ ለአለቆች ጭምር፣ ግዴታ ይሁን፤ ከልምድ እንደሚታየው ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁት ትልልቆቹ ናቸው። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው መዝገቡን የሚመረምረው ሰው አይሁን። ይህን ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አይከብድም። በእድር ሰብሳቢው ገንዘብ አይዝም፤ ገንዘብ ያዡም ብቻውን ወጪ አያደርግም። ማንም በዚህ አይቀየምም፤ ሌባ ተብሎ የተጠረጠረም የለም።

በውል ለሚሠራ ከተማ ከዚህ በላይ ያስፈልጋል። ተጠቃሚዎችን የሚመዘግበው ማውጫና የመግቢያና መውጫ መዝገቡ የከተማዋ ንብረት መሆናቸው በውሉ ይጻፍ፤ ተቋራጩ ሲሰናበት ይዞት የሚሄደው ቁልፍ አይኑር። ሠራተኛ በለቀቀበት ቀን መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ፤ ያልተዘጋ ሲገኝ ቅጣቱ በውሉ ይታወቅ። የተቋራጭ መግቢያ ሁሉ የማብቂያ ቀን ይኑረው፤ በየሩብ ዓመቱም የከተማዋ ባለሥልጣን ፈርሞ ያድሰው። እነዚህ አንቀጾች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ውሉን የሚያረቅ ጠበቃና መዝገቡን የሚያውቅ ባለሙያ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች መልስ ይሻሉ። የመጀመሪያው የሠራተኞች ነው፤ ሁሉም ነገር በሰርቨር ላይ ሲያልፍ የሥራ ሰዓት ወደ ስለላ ሊለወጥ ይችላል። ሥጋቱ ትክክል ነው። ማን መቼ የትኛውን መተግበሪያ እንደከፈተ መመዝገብ ይበቃል፤ የስክሪን ቀረጻ ግን በጽሑፍ በተገለጸ ምክንያት፣ ለተወሰነ ጊዜና ሠራተኛው እያወቀው ካልሆነ ሊፈቀድ አይገባም። ሁለተኛው ተቃውሞ መስመር ሲቋረጥስ የሚለው ነው። ኢትዮጵያ በወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከማዕከል ካገናኘች ሁለት አሥርት ዓመታት ሆኗታል፤ በሀገር ቤት ወረፋ የያዘ ሁሉ «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ሰርቨሩ ሲጠፋ ቲን ክላየንቱ መስታወት ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት፣ የአደጋ ጥሪና የክፍያ አገልግሎት በወረቀት የሚቀጥሉበት ሥርዓት ተጽፎ በዓመት አንድ ጊዜ መሞከር አለበት፤ ባለጉዳይም በሲስተም መጥፋት ምክንያት ላለፈው ቀጠሮ መቀጮ እንዳይከፍል ድንጋጌ ያስፈልጋል።

ለሕግ አውጪዎች ጽሕፈት ቤት የቀረበው ዋና ጉዳይ በ2021 የወጣው የጆርጂያ ሕግ ነው። ሕጉ የመንግሥት አካላት የሳይበር ጥቃት ሲደርስባቸው ለግዛቱ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር እንዲያሳውቁ ያዛል፤ ሪፖርቶቹን ግን ከሕዝብ ዓይን ይሸሽጋል። ክፍተቱ ገና ሳይደፈን ዝርዝሩን መደበቅ አግባብ ነው፤ ለዘለዓለም መደበቁ ግን አትላንታ የተማረችውን ሳንዲ ስፕሪንግስ እንዳትማረው ያደርጋል። ማሻሻያው አጭር ሊሆን ይችላል፦ ጥቃቱ ከተዘጋ ከስድስት ወር በኋላ አጥቂው በየትኛው በር እንደገባ፣ የየትኛው ወገን መግቢያ እንደነበረና ከአገልግሎቱ ምን እንደተቋረጠ የሚገልጽ ማጠቃለያ ይታተም። የጆርጂያ ጠቅላላ ጉባኤ በየዓመቱ በጃንዋሪ ተከፍቶ የሚሠራው 40 የጉባኤ ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ረቂቁን የሚያቀርብ እንደራሴ ከዚያ በፊት፣ በመከር ወራት መገኘት አለበት። የሳንዲ ስፕሪንግስ የበጀት ዓመት ደግሞ በጁላይ 1 ይጀምራል፤ የውል አንቀጾቹ ለምክር ቤቱ መድረስ ያለባቸው በጸደይ፣ በጀቱ ሳይጸድቅ ነው።