ባሕር የሌለበት የባሕር ወንበዴ

በዚህ ዓምድ ስለ መጽሐፍና ስለ ሲኒማ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ላወጋችሁ አስቤአለሁ። «ይህ አስተማሪ የፈተናውን ወረቀት አርሞ ጨረሰና ነው?» የሚል ቢገኝ አልፈርድበትም፤ አልጨረስሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ ጨዋታውን በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ከየት እንዳገኘው ብጠይቀው ሳቀ። የወንበዴዎችን ጨዋታ ከየት አመጣኸው ብሎ መጠየቅም የኔ ሞኝነት ነው። እንግዲህ በካራማራ ራስ ላይ ደመናው ተቆልሎ፣ የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን በሚያነሣበት በአንድ ቅዳሜ፣ በግመል ወተት የፈላ ሻይ አስቀርበን ተቀመጥን። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እንቅልፍ አጣሁ።

የጨዋታው ስም «ራይዘን ሁለት፦ ዳርክ ዋተርስ» ይባላል። ፒራኛ ባይትስ የተባለ የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ነው፤ ድርጅቱ በ2024 ተዘግቷል። ዓይነቱ ተጫዋቹ አንድን ባለ ታሪክ ሆኖ የሚኖርበት፣ ንግግሩንም ወገኑንም ራሱ የሚመርጥበት ነው። ባለ ታሪኩ ስም የለውም። አንድ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ኢንኲዚሲዮን ለሚባል የጦር ማኅበር ተቀጥሮ፣ በአንድ ወደብ መጠጡን ሲጨልጥ እናገኘዋለን። ከባሕር የወጣ ግዙፍ አውሬ መርከቦችን እየሰባበረ አላስቀምጥ ብሏል። የአውሬውን ማሸነፊያ ምስጢር የሚያውቀው ስቲልቢርድ የተባለው የወንበዴ አለቃ ነው ስለ ተባለ፣ ጀግናችን ወንበዴ መስሎ እንዲሄድ ይታዘዛል። የአለቃው ልጅ ፓቲ አብራው ትጓዛለች።

መልካምነቱን አስቀድሜ ልናገር። በብዙ ጨዋታ ጀግናው አሥር ሰው ከገደለ በኋላ ጥበብ ከሰማይ ይወርድለታል። እዚህ ግን እንዲያ አይደለም። ተጫዋቹ ሥራ ሠርቶ «ክብር» ያገኛል፤ ክብሩ ችሎታውን ያሰፋለታል እንጂ ጥበቡን አይሰጠውም። ለጥበቡ ወርቅ ይዞ አስተማሪ መፈለግ አለበት። ሰይፍ የሚያስተምረው በአንድ ቦታ ይኖራል፤ ቁልፍ መስበር የሚያስተምረው በሌላ ቦታ። አንዳንዱ አስተማሪ ይሰድበዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አስቀድመህ ይህንና ያንን ሥራልኝ ይለዋል። ያለ አስተማሪ ማንም ምንም አይሆንም። (ክፍያው በእጅ፣ በወርቅ፣ ከትምህርቱ በፊት መሆኑን ለባልደረቦቼ ባነብላቸው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ።)

ሁለተኛው መልካምነቱ ተንኮሉ ነው። ሰይፍ ሲያቅተው በጠላቱ ዓይን አሸዋ ይበትናል፤ በቀቀኑን ለቆ ያስጨንቀዋል፤ የሠለጠነ ዝንጀሮ በጠባብ ቀዳዳ አስገብቶ ያሰርቃል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የቩዱ አሻንጉሊቱ ነው። በዚህ አስማት ተጫዋቹ በሌላ ሰው አካል ገብቶ፣ በዚያ ሰው አፍ ይናገራል፤ ያ ሰው ሊያደርገው የማይፈልገውን ያስደርገዋል። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ ጨዋታ አላየሁም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ውጊያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያበሳጫል፤ የሰውን ሰይፍ በሰይፍ መመከት ሲቻል፣ አውሬ ሲዘልበት ግን መመከቻ የለውምና እየሸሸ ይሞታል። ይህን በትዕግሥት ማለፍ ይቻላል።

የማይታለፈው ግን ባሕሩ ነው። ባሕር የለም! መርከብ አለ፤ ሸራም አለ፤ ጀግናው ከጊዜ በኋላ የራሱ መርከብና የራሱ ሠራተኞች ይኖሩታል። ነገር ግን ወደ ሌላ ደሴት ልሂድ ባለ ጊዜ በካርታ ላይ የቦታውን ስም ይነካል፤ ደረሰ። ማዕበል አይገፋውም፣ መድፍ አይተኩስም። በ2013 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ፦ ብላክ ፍላግ» መሪውን ለተጫዋቹ ሰጠ፤ ይኸው ድርጅትም በ2014 «ራይዘን ሦስት»ን ሲያወጣ የመርከብ ውጊያ ጨመረበት። ስለዚህ ጉድለቱን እነርሱም አውቀውታል ማለት ነው። እኛ የጅጅጋ ሰዎች ባሕር የለንም፤ ነገር ግን በቶጎ ውጫሌ አልፎ፣ ሐርጌሳን ተሻግሮ የሚሄድ የጭነት መኪና በርበራ ሲደርስ ጨዉ በመስተዋቱ ላይ ይታያል። ከዚህ ተነሥቶ ባሕር ለማየት በኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ካርታ ብቻ ሲሰጡት ይከፋዋል።

ሁለተኛውን ጉድለት ያሳየኝ ተማሪዬ ነው። ጨዋታው በወጣበት ዘመን የባሕር ወንበዴ ተረት አልነበረም። በ2008 መስከረም ወር 33 ታንኮች የጫነችው «ፋይና» የተባለችው መርከብ በሶማሊያ ጠረፍ ተይዛ እስከ 2009 የካቲት ድረስ ቆይታለች፤ በ2008 ታኅሣሥ የአውሮፓ የጦር መርከቦች ዘመቻ ጀመሩ። (ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በጨዋታው ውስጥ ወንበዴው የሚያስቅና ጮሌ ሰው ነው። ተማሪዬ ይህን ሲያይ እንዲህ አለኝ፦ «መዓሊን፣ አጎቴ በርበራ ዓሣ ያጠምድ ነበር። በዚያን ጊዜ ጥቁር ሰው በትንሽ ጀልባ ከታየ ወንበዴ ነው ይሉ ነበር ይላል። ፈርቶ ርቆ መሄድ ተወ። እነዚህ ግን በእውነት ወንበዴ ሆነው ሁሉም ይወዳቸዋል።»

የምመልስለት አጣሁ። እርሱም ቀጠለና በማያ ገጹ ላይ እያሳየ ጠየቀኝ፦ «ከነዚህ ውስጥ እኛ የትኞቹ ነን?»

በጨዋታው ውስጥ ከኢንኲዚሲዮንና ከወንበዴዎቹ ሌላ ሦስተኛ ወገን አለ፤ የደሴቶቹ ተወላጆች። ቆዳቸው ጠይም፣ ቤታቸው ጎጆ፣ ጥበባቸው ቩዱ ነው። በታካሪጓ ደሴት በሸንኮራ አገዳው እርሻ የሚለፉት እነርሱ ናቸው። ታሪኩ መካከል ሲደርስ ተጫዋቹ ይመርጣል፦ ከኢንኲዚሲዮን ጋር ከወገነ ጠመንጃ ያገኛል፤ ከተወላጆቹ ጋር ከወገነ ቩዱውን። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ምርጫው እውነተኛ መሆኑን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ጨዋታ ምርጫ ሰጠሁ ብሎ በሁለቱም በር ወደ አንድ ክፍል ያስገባል። ዳሩ ግን ተወላጆቹ መርከብ የላቸውም፤ ወዴትም አይሄዱም፤ መጥቶ የሚመርጣቸውን እንግዳ ይጠብቃሉ። ሁልጊዜ በባሕር ዳር የሚኖር ሕዝብ ጀልባ ሳይሠራ እንዴት ኖረ? ይህን የጻፈው ሰው አንድ ቀን በበርበራ ወይም በዘይላ ወደብ ተቀምጦ ቢውል ኖሮ እንዲህ ባልጻፈ ነበር።

እኔ መጀመሪያ የመረጥሁት ጠመንጃውን ነው፤ አልዋሻችሁም፣ ቀላል መስሎ ስለ ታየኝ ነው። ተማሪዬ አየኝና ምንም አላለም። በማግስቱ «ላፕቶፑን ያውሱኝ፣ እኔ በሌላው በኩል ልጫወተው» አለኝና ወሰደው። እነሆ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም። ትናንት በትምህርት ቤቱ በር አግኝቼ የት እንደ ደረሰ ብጠይቀው፣ ጨርሶ እንደገና መጀመሩን ነገረኝ። ይህን ጽሑፍ በእጄ የጻፍሁትም ስለዚህ ነው።