«ኢንጎልድ አገኘው» አትበሉን

ኤስ-ኤን-2ን ማን አገኘው? ቢባል ከኬሚስትሪ ተማሪው አብዛኛው ሳያቅማማ «ኢንጎልድ» ይላል። ትንሽ የበረታው «ኢንጎልድና ሂዩዝ» ብሎ ሙሉ ነጥቡን ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። ቀስቷ ተነሥታ ካርቦኑን ከጀርባው ትወጋለች፣ ነባሩ በፊት ለፊት ይሰናበታል፣ አለቀ! ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃላችን ይዘን ፈተና እንገባለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ጠባችን ከቀስቷ ጋር አይደለም፤ ስለ ቀስቷ ከሚነገረው ተረት ጋር ነው።

አንድ ሪአክሽን በምን መንገድ እንደሚሄድ ከመምህሩ ሰሌዳ ላይ በዓይኑ ያየ ማን አለ? ማሰሮው ውስጥ የገባው ይታወቃል፣ የወጣውም ይታወቃል። የመሐሉን ጉዞ የሚያናግረው ልኬት ነው፤ ልኬት ደግሞ ሰው ይፈልጋል፣ ያውም ብዙ ሰው።

ክሪስቶፈር ኢንጎልድ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፕሮፌሰርነት የገባው በ1930 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ሂዩዝ የሚባል ከዌልስ የመጣ የገበሬ ልጅ አብሮት መሥራት ጀመረ። ከአምስት ዓመት በኋላ የሆነውን ልብ ብላችሁ ስሙን፤ ማንም ሳይነግረን ተመርቀን ልንወጣ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2-አዮዶኦክቴን እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ ሁለት መልክ አለው። አንዱን መልክ ብቻ ይዘን ፖላራይዝድ ብርሃን ብናሳልፍበት ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ያዞረዋል። ይህን በአሴቶን አሟሙተው ራዲዮአክቲቭ አዮዳይድ ጨመሩበት። አዲሱ አዮዲን ገብቶ አሮጌውን ሲያስወጣ ሁለት ነገር መለካት ይቻላል፤ አንደኛ አዲሱ በምን ፍጥነት እንደሚገባ፣ ሁለተኛ ብርሃን የማዞር ኃይሉ በምን ፍጥነት እንደሚወድቅ። እያንዳንዱ አዲስ ገቢ ሞለኪውሉን ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ የሚገለብጠው ከሆነ፣ የተገለበጠው የራሱን ድርሻ ማጥፋቱ ሳያንስ ያልተገለበጠውን የአንዱን ባልንጀራውን ድርሻ ያጣፋል። ስለዚህ ሁለተኛው ፍጥነት የአንደኛው እጥፍ መሆን አለበት። ለኩት፤ በልኬት ስሕተት ወሰን ውስጥ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ያቺ ከጀርባ የምትወጋ ቀስት የቆመችው በዚህች «እጥፍ» ላይ ነው።

ያም ራዲዮአክቲቭ አዮዲን እስኪመቻችሁ የሚጠብቅ አልነበረም። በ25 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይጠፋል። አንዱ ሲያዘጋጅ ሌላው ሲያጣራ ሌላው ሲቆጥር፣ ሻይ እንኳ አያስጠጣም!

ሥራው በ1935 በለንደኑ የኬሚካል ማኅበር መጽሔት ወጣ። አምስት ስም አለበት፦ ሂዩዝ፣ ዩሊየስበርገር፣ ማስተርማን፣ ቶፕሊ፣ ቫይስ። ኢንጎልድ የለበትም! ሰውየው ራሱ ስሙን ያላስገባበትን ወረቀት፣ እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን በስሙ እናስመዘግብለታለን። ከጳጳሱ ይልቅ ቀሳውስቱ የባሱበት ዘመን!

ኢንጎልድን ለማሳነስ የምንጽፍ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ትልቅ ሰው ነበር፤ ነገሩን አንድ ላይ ያሰረ፣ ስምም ያወጣለት እሱ ነው። ነገር ግን ስለ ሂልዳ አሸርዉድስ ምን እንበል? ሚስቱ ናት፣ የኬሚስትሪ ዶክተር ናት፤ በ1926 ስለ ኤሌክትሮኖች አካሄድ አብረው አሳትመዋል። በኋላ ግን የምናገኛት ለባሏ ታይፕ ስትመታ ነው። (ይህችን መጽሔት በታይፕ የምትመታልን እኅታችን ይህን መስመር ስትደርስበት ምን እንደምትል እንጃ፤ ስሟ በመጨረሻው ገጽ ይውጣ ብለናል።)

የቀስቷም ነገር ያው ነው። ጎባጣዋ ቀስት መጀመሪያ የታተመችው በ1922 በከርማክና በሮቢንሰን ጽሑፍ ነው። ሮቢንሰን በ1947 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ እሱና ኢንጎልድ «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ሲባባሉ ዕድሜያቸው አለቀ። ከርማክ ግን በ1924 ላቦራቶሪ ውስጥ በደረሰ አደጋ ሁለት ዓይኑ ጠፋ። ዓይኑን አጥቶም ሳይንሱን አልተወም። ቀስት በሣልን ቁጥር የሱን ስም ያነሣልን መምህር እስካሁን አልገጠመንም።

«ሞለኪውሉ ማን እንደለካው አይጠይቅ፤ ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ ሞለኪውሉ አይጠይቅም። እኛ ግን ሞለኪውል አይደለንም! «ትልቁ ሰው አገኘው» የተባለ ተማሪ ማመን እንጂ መጠርጠር አይችልም፤ በትልቅ ሰው ላይ ማን አፉን ይከፍታል? «አምስት ሰዎች እንዲህ አድርገው ለኩት» የተባለ ግን «ቆይ፣ በሌላ ፈሳሽስ? በሌላ ሙቀትስ?» ለማለት ድፍረቱን ያገኛል። አራት ሆነን ሌሊቱን ስንለካ አድረን ሪፖርቱ በአንድ ስም ሲወጣ ዝም የምንለውም፣ አገኘ የሚባለው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው ብለን ስለተማርን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የላቦራቶሪ ሪፖርት ሽፋን ላይ ያነበበውም የመዘነውም ስሙ ይግባ። በሚመጣው ፈተናም «የኤስ-ኤን-2ን ሜካኒዝም ሣሉ» የሚለው ቀርቶ «ፍጥነቱ ለምን እጥፍ ሆነ?» ተብለን እንጠየቅ።