የጋራ የኢሜይል ሣጥንና የንግድ ቤቶች ኀላፊነት

የንግድ መሠረቱ መተማመን፣ የመተማመንም ምስክሩ ደብዳቤ መሆኑ የታወቀ ነው። የፖስታ አገልግሎት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአዲስ አበባ ነጋዴ ለብዙ ዘመን ደብዳቤውን ሲቀበል የኖረው በፖስታ ሣጥኑ ነው። በሥርዓት የሚተዳደር የንግድ ቤት የሣጥኑን ቁልፍ ለታወቀ ሰው ያስረክብ ነበር። ተላላኪው ያመጣው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ይከፈታል፤ ቀንና ቁጥር ይሰጠዋል፤ በገቢ መዝገብ ተጽፎ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። መልሱም በወጪ መዝገብ ተመዝግቦ ቅጂው ከዋናው ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጣል። በዚህም ምክንያት ሥራ አስኪያጁ «የእገሌ ደብዳቤ ምን ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም ነበር።

ዛሬ የዚህ ሥራ አብዛኛው ክፍል ወደ ኢሜይል ተዛውሯል። ደብዳቤው ቢፈጥንም የመዝገብ ቤቱ ሥርዓት ግን አብሮት አልተዛወረም። በርካታ የንግድ ቤቶች አንድ የኢሜይል አድራሻ ይከፍቱና ያንኑ አድራሻ በጸሐፊዋ፣ በሒሳብ ሹሙ፣ በሽያጭ ክፍሉና በሥራ አስኪያጁ ኮምፒዩተሮች ላይ ያስገባሉ። ሁሉም ስለሚያየው ምንም አይጠፋም ብለው ያስባሉ። የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ለምሳሌ ያህል ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ አንድ ድርጅት ይታሰብ። በሐምቡርግ ያለው ገዢ በጭነት ሰነዱ ላይ መታረም የሚገባውን አንድ ቃል የሚያስታውቅ መልእክት ማታ ይልካል። በማግስቱ ጠዋት አስቀድሞ የተከፈተው የሒሳብ ሹሙ ኮምፒዩተር መልእክቱን ወደ ራሱ ይወስደዋል። ሒሳብ ሹሙም ጉዳዩ የእርሱ ስላልሆነ፣ የሚመለከተውም ክፍል ያየው ስለሚመስለው ያልፈዋል። የኤክስፖርት ክፍሉ ሠራተኛ በበኩሉ ሣጥኑን ከፍቶ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሰነዱ ሳይታረም ይዘጋጃል፤ ባንኩም ኤል ሲ ከሚባለው የመተማመኛ ሰነድ ጋር አልተስማማም ብሎ ይመልሰዋል። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 600 መሠረት፣ ኤል ሲው ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ የጭነት ሰነዶች ጭነቱ ከተጫነ በኋላ ባሉት 21 ቀኖች ውስጥ መቅረብ አለባቸው። «መልእክቱ በሌላው ክፍል ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር» የሚለውን ምክንያት የሚቀበል ባንክ የለም።

እንዲህ ያለው ጉዳት የሚደርሰው በሠራተኛው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ፖፕ የሚባለው የመልእክት መቀበያ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሦስተኛው ዐይነት ጭምር፣ የታሰበው ለአንድ ሰውና ለአንድ ኮምፒዩተር ነው። መልእክቱን ሰርቨር ከሚባለው ማከማቻ ያወርድና፣ ተለይቶ ካልታዘዘ በቀር፣ ከማከማቻው ያጠፋዋል። በመሆኑም አስቀድሞ የጠየቀው ኮምፒዩተር መልእክቱን ሲይዝ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አንዳንዶች ቅጂው በሰርቨሩ ላይ እንዲቀር በማዘዝ ችግሩን ያቃለሉ ይመስላቸዋል። ይህ ግን ግማሽ መድኃኒት ነው። መልእክቱ በአራቱም ኮምፒዩተሮች ላይ እንደ አዲስ ይታያል፤ ማን እንዳነበበውና ማን እንደ መለሰለት አይታወቅም፤ የተላከውም መልስ በላኪው ኮምፒዩተር ብቻ ይቀራል። አንዱ ደንበኛ ሁለት የተለያየ ዋጋ የተጻፈበት ሁለት መልስ ቢደርሰው የሚያፍረው ድርጅቱ ነው።

ለዚህ ችግር ተስማሚ የሆነው ዘዴ አይማፕ የሚባለው ሲሆን፣ ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ነው። በዚህ ዘዴ ዋናው መልእክት ከሰርቨሩ አይነሣም፤ ኮምፒዩተሮቹም ያንኑ አንድ ሣጥን ይመለከታሉ። አንዱ ያነበበው ለሌላው እንደ ተነበበ፣ የመለሰለትም እንደ ተመለሰ ሆኖ ይታያል። የተላኩት መልሶችም በጋራ ሣጥኑ እንዲቀመጡ ከተደረገ ገቢውና ወጪው በአንድ ቦታ ይገኛል። ይኸውም የቀድሞው መዝገብ ቤት በአዲስ መልክ መመለሱ ነው።

«ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገር መልእክትን በሩቅ ማከማቻ መተው አያዋጣም» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ነገር ግን መፍትሔ የሌለው አይደለም። በአይማፕ የሚሠሩት የመልእክት ፕሮግራሞች የሣጥኑን ቅጂ በኮምፒዩተሩ ላይ እንዲይዙ ማዘዝ ይቻላል። መስመሩ ሲቋረጥ ሠራተኛው የቆየውን ያነባል፤ መልሱን ይጽፋል፤ መስመሩ ሲመለስ የጻፈው ይላካል። ይልቁንም ሊፈራ የሚገባው መልእክቱ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ሲቀር ነው፤ ያ ኮምፒዩተር ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅ የድርጅቱ የዓመታት ጽሑፍ አብሮ ይጠፋልና።

መሣሪያውን መለወጥ ብቻ ግን አይበቃም። ሣጥኑ አንድ ስለ ሆነ፣ አንዱ ሠራተኛ የሰረዘው መልእክት ከሁሉም ዘንድ ይሰረዛል። ስለዚህ ለብቻው የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ በየጊዜው መያዝ ያስፈልጋል። አንድ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው መስጠትም የካዝና ቁልፍን በአምስት ቅጂ አስቀርጾ እንደ ማደል ነው፤ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ይዞት ይሄዳል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ወደ ጋራ ሣጥኑ የሚገባበት አገልግሎት ስላለ በዚያ መጠቀም ይሻላል። አጭበርባሪዎች የነጋዴን ኢሜይል ሰብረው በመግባት «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተለውጧል» የሚል መልእክት በመላክ ገንዘብ እንደሚዘርፉም መዘንጋት አይገባም። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስ ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጡ ገንዘብ መላክ አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ኀላፊ ሰው ነው። ሣጥኑን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚከፍት፣ እያንዳንዱን መልእክት ለሚመለከተው ክፍል የሚመራ፣ መልስ ያላገኘውን የሚያስታውስ አንድ ሠራተኛ፣ ለእርሱም ተተኪ በጽሑፍ መመደብ አለበት። «ሁሉም ያየዋል» የተባለ መልእክት ብዙ ጊዜ ማንም አይመልሰውም።

ጉዳዩ የሥራ ቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ የተላከ መልእክት በኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። ስለዚህ በኢሜይል የተሰጠ የዋጋ ስምምነት ወይም የርክክብ ቀን ነጋዴውን ሊጠቅመውም ሊያስጠይቀውም ይችላል። ክርክር በተነሣ ጊዜ ሙሉ ጽሑፉን በቅደም ተከተል የሚያቀርብ ወገን ይረዳል፤ ጽሑፉ በአራት ኮምፒዩተሮች የተበታተነበት ግን እውነት ይዞ ሊረታ ይችላል።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በመጽሐፍ ያለው የሚወረሰው ግን የተጻፈበት ቦታ ሲታወቅ ነው። ለድርጅቱ የተላከ ደብዳቤ የድርጅቱ እንጂ አስቀድሞ የተከፈተው ኮምፒዩተር አይደለም። እያንዳንዱ የንግድ ቤት በዚህ ሳምንት ኢሜይሉ በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራ፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ፣ መልስ የመስጠቱም ኀላፊነት የማን እንደ ሆነ ቢመረምር የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን የደንበኛን እምነት ነው።