ከቅርጹ ይልቅ ቅቡ፦ የፖሮና የሩፍ ፕሪዝም ባይኖኩላሮች

ለመስክ ጥናት ባይኖኩላር ሲመረጥ፣ ቀጥ ባለ ቱቦ የተሠራው ባለ ሩፍ ፕሪዝም ዘመናዊ፣ ትከሻው የሰፋው ባለ ፖሮ ፕሪዝም ግን ጊዜ ያለፈበት ይመስላል። የብርሃን ሕግ የሚመሰክረው ሌላ ነው። ኢግናሲዮ ፖሮ በ1854 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ፕሪዝም ብርሃንን አራት ጊዜ በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ስለሚመልስ አንጸባራቂ ቅብ አያሻውም። በብዙዎቹ ሩፍ ባይኖኩላሮች የሚገኘው የሽሚት-ፔቻን ፕሪዝም ግን በአንድ ገጹ ላይ ይህን ቅብ ይፈልጋል፤ በጣሪያ መሰል ጠርዙ ለሁለት የሚከፈለው ብርሃንም የሞገድ ፌዙ ካልታረመ የምስሉ ጥራት ይቀንሳል። አራሚው ቅብ አለ፤ ዋጋ ግን ይጨምራል። ሩፍ ውኃና አቧራን ለመከላከል ይመቻል፤ ይህ ግን የአካሉ እንጂ የምስሉ ብልጫ አይደለም። ስለዚህ በአነስተኛ በጀት፣ በንጋት ጭላንጭል ተመሳሳይ ወፎችን ለይቶ መመዝገብ ያለበት ተመራማሪ፣ ፌዝ አራሚ ቅብ ከሌለው ሩፍ ይልቅ በሚገባ የተሠራ ፖሮ ቢመርጥ ይበጀዋል፤ በመስክ የተሳሳተ ስም እስከ ድምዳሜው ይከተላልና።