ደፋር የሚያውቃቸው ቃላት

ማክሰኝት፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት አቅራቢያ ባለው ግቢያችን ደፋር የሚባል ውሻ አለን። ሌሊት ከጅብ ይጠብቀናል። እስካለፈው ክረምት ግን ቀኑን በሰንሰለት ታስሮ ይውል ነበር። የምንነግረውም ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ «ያዝ»፣ «ዝም በል»፣ «ውጣ»። ሁሉም የቁጣ ቃል።

ውሻ ግን ከዚያ የበዛ ቃል መማር ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር ጆን ፒሊ ቼሰር የተባለች ውሻውን በሦስት ዓመት የ1,022 መጫወቻዎችን ስም አስተምሯታል፤ ጥናቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ክርስቲና ሀንገር ደግሞ ለውሻዋ ለስቴላ ሲጫኑ ቃል የሚያሰሙ ቁልፎች ዘረጋችላት።

እኔ ቁልፍ የለኝም። «ውኃ»፣ «እንሂድ»፣ «ፈልግ» እላለሁ፤ አንዱን ቃል ለአንድ ነገር ብቻ። አጥንት ጤፍ ጭድ ውስጥ ቀብሬ «ፈልግ» ስለው እንደ ቡችላ ይዘላል። ጎረቤቶቼን የምለምነው ይህንኑ ነው፤ ውሾቻችሁን በቀን ሩብ ሰዓት እንኳ ፈታችሁ አጫውቷቸው፣ አናግሯቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ያስፈራል፣ እውነት ነው። መከላከያው ግን ክትባት ነው፤ ዕድሜ ልክ ማሰር አይደለም።

ትናንት ደፋር ባዶ ጣሳውን በአፉ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። «ውኃ?» አልኩት። ጅራቱን ቆላ።