«ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው»

ባሕር ካጣን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነን። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ምፅዋም አሰብም የሌላ አገር ወደቦች ናቸው። እንግዲህ ለእኛ የቀረልን ዳርቻ የሐይቅ ዳርቻ ነው። ለኩየራ ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አርሲ ነገሌን አልፎ ለሚጓዝ በስተግራው ሻላና አብያታ፣ በስተቀኙ ላንጋኖ ተዘርግተዋል። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን በእነዚህ ውኆች ዳር ከልጆቻችን ጋር አንዲት ሌሊት ያደርን?

«ድህነት ነው» የሚል ይኖራል። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን የባንክ ሠራተኛ ነኝና ሒሳቡን ላስረዳ። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ የአንድ ክፍል ኪራይ አጠራቅሞ ሊከፍል ይችል ይሆናል። ወገቡን የሚሰብረው ቁርስ፣ ምሳና እራት በአምስት ሲባዛ ነው። ከቤቱ ስንቅ ይዞ እንዳይሄድ ደግሞ በሩ ላይ «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይጠብቀዋል። አንድ ማረፊያ በር ላይ ጀበናና አገልግል ለጥበቃ ተሰጥተው ሲቀሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤት መንግሥትና ሕዝብ ነው ይላል፤ ሕዝቡ ግን እንጀራውን ይዞ ወደ ሀብቱ መግባት አልቻለም!

እህል ይዞ መጓዝ ንፉግነት የሚመስላቸው ተሳስተዋል። በእኛ ከተማ አድቬንቲስቱ ሰንበቱን ቅዳሜ ያከብራል፣ ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ሙስሊሙ ሐላሉን ይጠይቃል። ለእኛ ወጥ ቤት የእምነታችንም የፍቅራችንም ቤት ነው። ቤተሰብ ራሱ አብስሎ የሚበላበት ጎጆ ቢከራይ ቅንጦት አይሆንም፤ በአገሩ እንግዳ ሳይሆን ማደሪያ ማግኘቱ ነው።

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በጺጺካማ የባሕር ዳርቻ ፓርኳ ቤተሰብ ራሱ የሚያበስልባቸው ጎጆዎች አሏት። ኬንያም በናኩሩ ሐይቅ ፓርክ እንዲሁ ታከራያለች። እዚሁ አገራችን በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ ማረፊያ፣ ተጓዦች የራሳቸውን ምግብ ሲያበስሉ ኖረዋል። ኮረብታው ላይ የሆነው ሐይቁ ዳር ለምን ይከለከላል?

«ሕዝብ ከገባ ይቆሽሻል፣ ግራሩም ይማገዳል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን ሕዝቡ በሩቁ ሳለ አብያታ ምን ሆነ? አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ከሎ በሚወርድለት ውኃ ነው። ከላይ ዝዋይና ቡልቡላ ለመስኖ ተጠለፉ፤ ከራሱም ሶዳ አሽ ለማምረት ውኃው ተቀዳ። ጥልቀት አልነበረውምና ዳርቻው ሸሸ፤ ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። በጥልቁ ሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ቀለባቸውን ከአብያታ ያገኙ ነበር፤ ዓሣው ካለቀ ወዲህ ለጫጩቶቻቸው ወደ ሌሎች ሐይቆች ይበራሉ። ይህ ሁሉ የሆነው በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ብዙ ሳይርቅ ነው። ሐይቁን ያደረቁት የቤተሰብ ድስቶች አይደሉም!

ከጥቂት ተመራማሪዎችና ከአካባቢው ነዋሪ በቀር ማን ጮኸ? በየቀኑ በአውቶቡስ ያለፍነው ሁሉ ዝም አልን። ለማናውቀው ነገር ልቅሶ አንደርስማ!

ሐይቁን በመስኮቱ አይቶ ያለፈ ሰው፣
ሲደርቅም በመስኮት አይቶ ነው የሚያልፈው።

ይህን በሥነ ጽሑፍ ገጽ ለምን ትጽፋለህ ለሚለኝም መልስ አለኝ። ግጥማችን ስለ ወንዝና ስለ ተራራ አፉ ይፈታል፤ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሲሆን ግን ይንተባተባል። የውኃውን ወፍ ሁሉ «ወፍ» ብለን እናልፋለን፤ ፔሊካንና ፍላሚንጎንም በተውሶ ስም ነው የምንጠራቸው። በማለዳ ጭጋጉ ሲገለጥ ያላየ ልጅ ሲያድግ ምን ብሎ ይጽፋል?

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በላንጋኖና በሻላ ዳር ጥቂት ጎጆዎች ይሠሩ፤ እያንዳንዳቸው የጋዝ ምድጃና ንጹሕ ውኃ ይኑራቸው። ከሰልና እንጨት ይከልከል፤ ቆሻሻውን ያመጣው ይዞት ይመለስ። ኪራዩ በመምህርና በነርስ ደመወዝ ይመዘን፤ ገቢውም ከብቱን በዚያ ምድር ለሚያሰማራው ነዋሪ ይድረስ፤ ከእሱ የበለጠ ባለ ጉዳይ የለምና። ሎጆቹም ይኑሩ፣ ይነግዱ። ያ ሰሌዳ ግን የሐይቅ ዳርቻ ሁሉ ሕግ አይሁን፤ ባለ አገልግሉም ይግባ።